የስቴሽን ዋገን ሞላ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ሜትር፣ ሚዛንና ሁለት ኩንታል ጤፍ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለኮሮላ ስቴሽን ዋገኔ የኋላ ሞላ (መኪናውን የሚሸከመው ጥቅልል ብረት) ገዛሁ። ሻጩን የጠየቅሁት "የኮሮላ የኋላ ሞላ አለ?" ብዬ ብቻ ነበር። አለ። ከፈልኩ፤ አስገጠምኩ። ከተማ ውስጥ ባዶውን ስነዳው በጣም ደስ አለኝ። ልስልስ ያለ ነበር።

ለገና ቤተሰቤን ይዤ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ስንመለስ አራት ሰው፣ ሻንጣ፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጫንን። ከደጀን አልፈን የዓባይን በረሃ መውረድ ስንጀምር የመኪናው ኋላ በየጉድጓዱ ጓ! ጓ! ይል ጀመር። ጎሃ ጽዮን ስንደርስ መሽቷል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርግብኛል። ረጅሙን ያበራሁ መስሎት ነው። እኔ ግን አጭሩን ነበር ያበራሁት። ኋላው ወርዶ አፍንጫው ወደ ሰማይ ስለቀና መብራቱ የሰው ዓይን ላይ ያርፋል።

የገዛሁት ሞላ የሴዳኑ (ሻንጣ ቤቱ ለብቻው የሆነው ኮሮላ) ነበር። ስሙ ኮሮላ ነው፤ ውሸት የለበትም። ግን ሴዳን ከኋላ የሚሸከመውና ዋገን የሚሸከመው አንድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሞላ ለመግዛት ከመውጣቴ በፊት ቤቴ ውስጥ የምሠራቸው ነገሮች አሉ። እነሱን ነው የምጽፍላችሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኛ ዘንድ "ስቴሽን ዋገን" ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቁን ላንድክሩዘር ነው። የመሥሪያ ቤት ጨረታ ላይም እንደዚያ ተብሎ ይጻፋል። እኔ እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ ዝቅተኛዋ የቤተሰብ መኪና ነው፤ ጣሪያዋ እስከ ኋላ በር ስለሚዘልቀው። የአለካኩ ዘዴ ግን ባለ ሞላ ለሆነ ላንድክሩዘርም ይሠራል።

በመጀመሪያ፦ ችግሩ የሞላው መሆኑን አረጋግጡ

ኋላ ወረደ ማለት ሁልጊዜ ሞላ ሞተ ማለት አይደለም። ጎማችሁ በቂ ነፋስ አለው? አራቱም ጎማዎች አንድ ቁጥር ናቸው? ሞላው የሚቀመጥበት የላስቲክ ጎማ ተበልቶ አልቋል? የሞላው መቀመጫ ብረት ዝጎ ተሰንጥቋል? እነዚህን በባትሪ መብራት ከሥር ገብታችሁ እዩ። ክሪክ ብቻውን ባቆመው መኪና ሥር ግን በፍጹም አትግቡ። ስታንድ አድርጉለት።

አሞርዛተሩን፣ ብዙዎች ሾክ የምትሉትን፣ ከሞላው ለዩት። መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ መወዛወዙን ያበርዳል እንጂ ክብደት አይሸከምም። መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ ነው ያለቀው። ቆሞም ዝቅ ካለ፣ ወይም አንድ ጎኑ ካዘመመ፣ ያኔ ሞላውን ጠርጥሩ።

ሞላው የተሰበረም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የመጨረሻው የታችኛው ዙር ነው። ጠጠርና አሸዋ እዚያ ይገባል፤ ቀለሙን ይፍቃል፤ ዝገት ይጀምራል፤ አንድ ቀን ጠዋት ቀጭ ይላል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አለባችሁ። እናንተ ዘንድ የታችኛውን ዙር በየዓመቱ ማየት ግድ ነው። ስብራቱ ከመቀመጫው ውስጥ ስለሚደበቅ በእጃችሁ ዳስሱት።

የኋላው ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። አንድ ስም የያዙ ሁለት መኪኖች ከኋላቸው ፍጹም ሊለያዩ ይችላሉ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መንገዶቻችንን የሞላውን የኮሮላ ኢ70 ትውልድ ውሰዱ። አብዛኛው ሴዳን ከኋላ ሞላ አለው። ዋገኑ ግን ባሊስትራ (ተደራራቢ ዝርግ ብረት) ነው። ፔጆ 504ን ደግሞ እዩ። ቤተሰብ መጫኛው ዋገን ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ሞላ አለው። ፔጆዎች አንድ ወፍራም ሞላ ከማስገባት ሁለት መደርደርን መረጡ። እንደዚህ ያለ መኪና ካላችሁ አንዱን ብቻ መቀየር አይታሰብም፤ አራቱንም ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ አንድ ሌላ ነገር አጣሩ። መርሴዲስ 123 እና 124 ዋገኖች ከኋላ የሚሸከማቸው ሞላ ብቻ አይደለም። በዘይትና በጋዝ የሚሠራ ከፍታ አስተካካይ አብሮ ይሸከማል። አንዳንድ ቮልቮ ቪ70 ደግሞ ኒቮማት የሚባል፣ በጉዞው ንዝረት ራሱን እየሞላ ኋላውን የሚያነሳ አሞርዛተር አለው። እንዲህ ባሉ መኪኖች ላይ የፋብሪካው ሞላ ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ኒቮማቱ ውድ ነው ብላችሁ ተራ አሞርዛተር ካስገባችሁ ሞላውም አብሮ መቀየር አለበት። አለዚያ አዲስ አሞርዛተር አስገብታችሁ ኋላው ቁጭ ይላል። ያኔ ሞላው እንከን የለበትም፤ ጥንዱን ነው ያጣው።

ከፍታውን ለኩ

ሜትር፣ እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ። ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። የነዳጅ ማደያ ስሚንቶ ወለል ጥሩ ነው። ታንኩን ሙሉ፤ ጎማዎቹን በትክክለኛው ነፋስ ሙሉ፤ ከውስጥ ያለውን ዕቃ አውጡ። መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደፊት ወደኋላ ንዱት። ከፊትም ከኋላም ጫን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ሞላዎቹ ወደ ትክክለኛ ቦታቸው ይመለሱ።

ከዚያ ከጎማው መሃል (ከቸርኬው እምብርት) ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። አራቱንም። ከመሬት አትለኩ። ከመሬት ከለካችሁ የጎማው ማለቅና የነፋሱ ማነስ አብሮ ይገባና ያታልላችኋል።

በግራና በቀኝ መካከል 5 ሚሊሜትር ገደማ ልዩነት ብዙ አያሳስብም። ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ምክንያቱን ፈልጉ። ይህን ወረቀት አትጣሉት። አዲሱ ሞላ ከገባ በኋላ መልሳችሁ የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ላርም። ጋራዥ ውስጥ "ሞላው ሞቷል፤ ለስልሷል፤ ጠንከር ያለ አስገባ" ይባላል። ብረቱ ግን አርጅቶ አይለሰልስም። ያረጀ ሞላ የሚያጣው ቁመቱን ነው። ለዓመታት ከሚገባው በላይ ተጭኖ ትንሽ በትንሽ ያጥራል። ጥንካሬው፣ ማለትም አንድ ሚሊሜትር ለመጫን የሚፈልገው ኪሎ፣ ያው ነው፤ ዝገት ሽቦውን ካላሳሳው በስተቀር። ስለዚህ መኪናው አዲስ እያለ ተስማምቷችሁ ከነበረ የሚያስፈልጋችሁ ያው ዓይነት ሞላ በአዲሱ ነው። ጠንካራ ሞላ የሚያስፈልገው ጭነታችሁ ሲበዛ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እነሱን በማምታታት ነው።

ሚዛን ላይ አውጡት

የምድር ሚዛን ያለበት ቦታ ሂዱ። እህል መጋዘን አካባቢ፣ ብረታ ብረት የሚሸጥበት፣ አይጠፋም። ጠባቂውን በትህትና ጠይቁት። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አድርጉና መዝግቡ፤ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ። ይህን ባዶውን አንዴ፣ እንደ ለመዳችሁት ጭናችሁ ደግሞ አንዴ አድርጉ።

ውጤቱ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ሰውና ዕቃ ሲጫን የፊቱ ቁጥር ብዙም አይለወጥም። የሚያብጠው የኋላው ነው። የዋገን ችግር በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ባዶውን ስትነዱት ኋላው ቀላል ነው፤ ሲጫን ሌላ መኪና ይሆናል። አንድ ሞላ ለሁለቱም እንዲመች ትፈልጋላችሁ።

ከኋላው ቁጥር ላይ ሞላው የማይሸከመውን ቀንሱ። ጎማው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑ፣ ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን አንድ ላይ የሚያያይዝ ብረት) ካለም አክስሉ፣ ከሞላው በታች ናቸው። የቀረውን ለሁለት ስታካፍሉ አንዱ ጎን የሚሸከመውን ታገኛላችሁ።

የጭነታችሁን ልክ በሐቅ ጻፉ። በዓመት ሁለቴ ለበዓል ብቻ ነው የምትጭኑት? ወይስ በየሳምንቱ ለሱቅ ዕቃ ታመላልሳላችሁ? ፖርቶ መጋላ ላይ የምትጭኑትም ይቆጠር። ጋዝ ታንክ አስገጥማችሁ ከሆነ እሱም ቋሚ ጭነት ነው።

የጤፉ ሙከራ

ይህን ከአንድ አዛውንት መካኒክ ነው የተማርኩት። "ልጄ፣ ሞላው ራሱ ይነግርሃል፤ አንተ ብቻ ክብደቱን እወቅ" አሉኝ።

ክብደቱ የታወቀ ነገር ያስፈልጋል። 50 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ጆንያዎች፣ ጤፍም ይሁን ስሚንቶ፣ በድምሩ 200 ኪሎ። ከኋላ ጎማዎቹ ትክክለኛ አናት ላይ አስቀምጧቸው። የኋላው ወንበር ካስቸገረ እጠፉት። ወደ በሩ ጠጋ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት እንደ ሚዛን ዘንግ አፍንጫውን አንስቶ ኋላው ከ200 ኪሎ በላይ ይጫናል፤ ሒሳቡ ይበላሻል።

ቀድማችሁ በለካችሁት መንገድ ለኩ። እንበል ኋላው በሁለቱም ጎን 40 ሚሊሜትር ወረደ። እያንዳንዱ ጎን የተሸከመው 100 ኪሎ ነው። 100 ለ40 ሲካፈል 2.5 ኪሎ በሚሊሜትር። ይህ ጎማው ላይ የሚሰማው ጥንካሬ ነው።

ሞላው ድፍን አክስሉ ላይ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ይህ ቁጥር የሞላው የራሱ ነው ማለት ይቻላል። ሞላው ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያይዝ ተንቀሳቃሽ ክንድ መሃል ላይ ከተቀመጠ ግን ሞላው ከዚህ ይጠነክራል። ከክንዱ ማጠፊያ እስከ ሞላው ያለውን ርቀት፣ ከማጠፊያው እስከ ጎማው ላለው ርቀት አካፍሉ። ሦስት አራተኛ ላይ ከሆነ 0.75 ነው። ይህን በራሱ አባዙ፤ 0.56። 2.5ን ለ0.56 ስታካፍሉ 4.5 ገደማ። ሞላው 4.5 ኪሎ በሚሊሜትር ነው ማለት ነው። በራሱ የሚባዛው ክንዱ ኃይሉንም እንቅስቃሴውንም ስለሚቀይር ነው።

በሙከራው መሃል የመጋጫው ጎማ (ኋላው በጣም ሲወርድ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚቀበለው ላስቲክ) ከነካ አቁሙ። ከዚያ በኋላ የምትለኩት የሞላውን ሳይሆን የመጋጫውን ጥንካሬ ነው። ደግሞም 200 ኪሎ ብቻ ተጭኖ መጋጫው ከነካ ሞላችሁ ሳያጥር አይቀርም።

ሞላን ማንበብ

ሱቅ ውስጥ ሁለት ሞላ ጎን ለጎን ቢቀመጥላችሁ የትኛው ጠንካራ እንደሆነ በዓይን ለማወቅ ያስቸግራል። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ካላችሁ ግን ማወቅ ይቻላል። የምትለኩት ሦስት ነገር ነው፦ የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ ስፋት፣ የሚሠሩት ዙሮች ብዛት። ስፋቱን ከውጭ ለክታችሁ አንድ የሽቦ ውፍረት ቀንሱለት። ዙሮቹን ስትቆጥሩ መቀመጫው ላይ ተኝተው የማይንቀሳቀሱትን አትቁጠሩ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሽቦው 12 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 120፣ የሚሠራው ዙር 6።

12 × 12 × 12 × 12 = 20,736። ይህን በ78,500 አባዙ፤ የሞላ ብረት መጠምዘዝን የሚቋቋምበት ልክ ነው፣ በኒውተን (የኃይል መለኪያ) በካሬ ሚሊሜትር። 1,627,776,000 ይመጣል።

120 × 120 × 120 = 1,728,000። ይህን በ8፣ ከዚያም በዙሮቹ ብዛት በ6 አባዙ። 82,944,000።

የላይኛውን ለታችኛው ስታካፍሉ 19.6 ኒውተን በሚሊሜትር። ለ9.81 ሲካፈል 2 ኪሎ በሚሊሜትር።

አሁን ሽቦውን ብቻ 13 ሚሊሜትር አድርጉት። ውጤቱ 2.75 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሚሊሜትር ተጨምሮ ጥንካሬው በ38 በመቶ ገደማ አደገ! ውፍረቱ አራት ጊዜ ስለሚባዛ ነው። ለዚህ ነው "ያው ነው፣ ትንሽ ብቻ ወፍራም ነው" የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ መጠንቀቅ ያለባችሁ። ቀለሙንም ፍቁ፤ ወፍራም ቀለም ልኬቱን ያዛባል። ዙሮቹ እኩል ያልተራራቁ ከሆኑ፣ አንዱ ጫፍ ጠበቅ ሌላው ሰፋ ያለ ከሆነ፣ ይህ ሒሳብ አይሠራም። የዚያ ዓይነት ሞላ ሲጫን ጥንካሬው እየጨመረ ይሄዳል።

ሌላው ወጥመድ ቁመት ነው። ሁለት ሞላ ጠረጴዛ ላይ እኩል ቁመት ስላላቸው መኪናው ላይ እኩል አይቆሙም። አንድ ጎን 350 ኪሎ ይሸከማል እንበል። የመጀመሪያው ሞላ 350 ለ2፣ 175 ሚሊሜትር ይወርዳል። ሁለተኛው 350 ለ2.75፣ 127 ሚሊሜትር። የ48 ሚሊሜትር ልዩነት ነው! የመኪናችሁ ኋላ እንደ አንበጣ ተነስቶ ይቀራል።

እንግዲህ የትኛውን?

አልፎ አልፎ ለምትጭኑ ሰዎች ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ የዋገኑን የፋብሪካ ሞላ በአዲሱ ግዙ። የዋገኑን እንጂ የሴዳኑን አይደለም። መኪናውን የሠሩት ሰዎች አሞርዛተሩን፣ ፍሬኑንና መጋጫውን ከዚያ ሞላ ጋር አስማምተው ነው የሠሩት።

በየጊዜው የምትጭኑ ከሆነ ትንሽ ጠንከር ያለ ፈልጉ። ከፋብሪካው 15 በመቶ ገደማ በቂ ነው እላለሁ። ግን ተአምር አትጠብቁ። በምሳሌያችን 2 የነበረው 2.3 ሆነ። በአንድ ጎን 100 ኪሎ ስትጨምሩ የመጀመሪያው 50 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ሁለተኛው 43 ገደማ። ያተረፋችሁት 7 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጥንካሬ ብቻውን አያድንም። ባዶውን ከፋብሪካው 15 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚቆም ሞላ ምረጡ። ያኔ ሁለቱ ተደምረው ሲጫን ከ20 ሚሊሜትር በላይ ታተርፋላችሁ። ዓባይ በረሃ ላይ 20 ሚሊሜትር ብዙ ነው።

ከ30 በመቶ በላይ ከጠነከረ አሞርዛተሩም መቀየር አለበት። ጠንካራ ሞላ ኃይሉን ወደ ላይ ሲመልስ የፋብሪካው አሞርዛተር አይይዘውም። ባዶውንም ስትነዱት ኋላው ይዘላል። ዝናብ ባለበት ኩርባ ላይ ደግሞ የሚዘል ጎማ መንገድ አይነክስም። ከኋላ የተቀመጡ እናትና አባታችሁም ወገባቸውን ያማቸዋል።

ጭነታችሁ በጣም የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ሲጫን እየጠነከረ የሚሄደውን ሞላ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ለዋገን ተፈጥሮ የሚስማማው እሱ ነው። ለላንድክሩዘር ደግሞ ኦልድ ማን ኢሙን የመሳሰሉ አምራቾች ሞላቸውን በምትጭኑት ኪሎ ከፋፍለው ይሸጣሉ። ሚዛን ላይ ያገኛችሁት ቁጥር ያኔ በቀጥታ ይጠቅማችኋል።

አሁን ብዙዎች የማያውቁትን ልንገራችሁ። ብዙ ዋገኖች የኋላውን ፍሬን በጭነት ልክ የሚያስተካክል ቫልቭ አላቸው። አክስሉ ላይ በቀጭን ብረት ወይም በትንሽ ሞላ ታስሯል። ኋላው ሲወርድ "ተጭኗል" ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ከፍ ሲል "ባዶ ነው" ብሎ ይቀንሳል። ከፍ የሚያደርግ ሞላ አስገብታችሁ ቫልቩን ካላስተካከላችሁ፣ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ እያለ ቫልቩ ባዶ ይመስለዋል። የኋላው ፍሬን ይሰንፋል። ቁልቁለት ላይ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሥር ገብታችሁ ይህ ቫልቭ መኖሩን እዩ፤ ካለ ለመካኒኩ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጠንካራ ሞላ መኪናው እንዲሸከም የተፈቀደለትንም ክብደት አይጨምርም። ጎማው፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ አክስሉ ያው ናቸው። ኋላው ስላልወረደ ብቻ ተጨማሪ ኩንታል አትጫኑ።

ገበያ ስትወጡ

ሊብሬውን ወይም የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ያዙ። ጥሩ ሻጭ በሻንሲ ቁጥሩ ትክክለኛውን የመለዋወጫ ቁጥር ከካታሎግ ያወጣል። አሮጌው ሞላ ላይ የቀለም ነጥብ ወይም መስመር ካለ እሱንም ፎቶ አንሱት። ፋብሪካው የጥንካሬውን ዓይነት የሚለይበት ምልክት ነው። አንዳንድ መኪና ላይ የግራውና የቀኙ ምልክት ይለያያል፤ ያኔ መለያየቱ ስህተት አይደለም።

ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ስትሄዱ የተቻላችሁን ያህል አሮጌውን ሞላ ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱን አጠገቡ አቁሙት። የዙሩ አቅጣጫ፣ የጫፎቹ ቅርጽ፣ የላይኛውና የታችኛው ስፋት ይመሳሰል። ቁመቱ ከአሮጌው ረዘም ቢል አትደንግጡ፤ አሮጌው አጥሯላ። ሁለቱን አዲሶች ደግሞ እርስ በርስ አወዳድሩ። ጠረጴዛ ላይ አቁሟቸውና ከላይ ደልዳላ ነገር አጋድሙበት። አንዱ ካጠረ መልሱ።

ኬዋይቢና ሌስዮፎርስ የሚባሉት አምራቾች ለብዙ ዋገኖች ለየብቻ የተለየ ሞላ ይሠራሉ። ስሙ ግን ካርቶኑ ላይ ስላለ ብቻ አትመኑ። ካሊፐራችሁን አውጡ። ሻጩ ለመለካት ካልፈቀደላችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

ያገለገለ ሞላ? አዲስ ፈጽሞ ካልተገኘ ብቻ። ያኔም ከአንድ መኪና የወጣ ጥንድ ይሁን። ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጎድጓዳ ዝገት ካለ ተዉት፤ ስብራት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ሦስቱን እባካችሁ አታድርጉ። ሞላ አታስቆርጡ። ከ6 ዙር አንዱን ስትቆርጡ ሞላው ከማጠሩም በላይ በ20 በመቶ ይጠነክራል፤ ጫፉም መቀመጫው ላይ አይገጥምም። በእሳት አታስሙቁ። ሞላን ሞላ ያደረገው ፋብሪካ ውስጥ የተሰጠው ሙቀት ነው፤ የጋዝ እሳት ያንን ያጠፋዋል። በዙሮቹ መሃል ጎማ አትሰኩ። ጎማው የተሰካባቸው ዙሮች ይታሰሩና ኃይሉ ሁሉ በቀሩት ላይ ይወድቃል። ብዙ መኪና እንዲህ ሲደረግ አያለሁ፤ ርካሽ ስለሆነ ይገባኛል። ሞላው ግን የሚሰበረው በጭነትና በፍጥነት ላይ ነው፤ ልጆች ከኋላ ባሉበት ሰዓት።

ሲገጠምና ከተገጠመ በኋላ

ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየር፤ ግራና ቀኝ አብሮ። አሞርዛተሩ አርጅቶ ከሆነ በዚያው ቀን ይቀየር፤ የእጅ ዋጋ ሁለቴ አትክፈሉ። የሞላ መቀመጫ ጎማዎችና መጋጫዎችም አዲስ ይሁኑ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ካለቁ ግን አዲሱ ሞላ ይንኳኳል።

ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ ታስረው የሚወጡበት መኪና ከሆነ፣ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር የላይኛው ብሎን በፍጹም አይፈታም። የተጨመቀ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል። መጭመቂያ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ አይሥራ። ሽቦ አስሮ "ለምጄዋለሁ" የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።

መካኒኩን አንድ ነገር አደራ በሉት። በክንዶቹ ጎሚኒ (የማጠፊያ ላስቲክ) ውስጥ የሚያልፉት ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። ቶሎ ይቀደዳል፤ የለካችሁትንም ከፍታ ያዛባል። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘለላል።

ከገጠማችሁ በኋላ የጭነት ቫልቩን አስተካክሉ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ንዱት። አዲስ ሞላ ጥቂት ሚሊሜትር ይቀመጣል። ከዚያ ያንን ወረቀት አውጡና በዚያው ቦታ፣ በዚያው መንገድ፣ አራቱንም እንደገና ለኩ። አላይመንት የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተሠራ ይደገማል።

በመጨረሻ የፊት መብራቱ። ማታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ ደልዳላ ቦታ ላይ ቁሙ። የመብራቱን መሃል ከፍታ ከመሬት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። አጭሩን አብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ይበል። ከዚያ አራቱን ጆንያዎች መልሳችሁ ጫኑና እንደገና እዩት። ተጭኖም ብርሃኑ ከምልክቱ በታች ከቀረ ለጎጃም መንገድ ዝግጁ ናችሁ።